ተረት በባቡርና በጭነት መኪና፦ የአሜሪካ ተጓዥ ሙዚቃዊ ተውኔት ታሪክ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮድዌይ በተባለው ጎዳና ዙሪያ ባሉት ቲያትር ቤቶች ስሙ የገነነ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ ይኸውም ንግግርን፣ ዘፈንንና ውዝዋዜን አዋሕዶ አንድ ታሪክ የሚተርክ የመድረክ ሥራ፣ ወደ ሌሎች ከተሞች በዞረ ቁጥር «ለእኛ የመጣው ሌላ ነው» የሚል ቅሬታ ይከተለዋል። ቅሬታው አዲስ አይደለም፤ ዕድሜው ከተጓዥ ቲያትር ንግድ ዕድሜ እምብዛም አያንስም። ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ግን መነሻቸው ተረት በሆኑ ሥራዎች ላይ ነው። በአንድ ሳሎን ውስጥ ስለሚጣሉ ባልና ሚስት የተጻፈ ድራማ ሁለት ወንበርና ሁለት ጎበዝ ተዋንያን ካሉት የትም ቢሄድ ብዙ አይጎድልበትም። ተረት በአንጻሩ ዱባው በተመልካች ዓይን ፊት ሠረገላ እንደሚሆን፣ አውሬው ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ሰው ሆኖ እንደሚወርድ ቃል ይገባል፤ ይህን ቃል የሚፈጽመውም ከተዋናዩ ችሎታ ይልቅ በመድረኩ ወለል ሥርና በጣሪያው ውስጥ የተደበቀው መሣሪያ ነው። ጉዞ ሸክም ስለማይወድ፣ ወጪ ሲቀነስ አስቀድሞ የሚቀረው ይኸው መሣሪያ ይሆናል፤ ተጓዥ ተረት ተመልካቹን ሲያሳዝን ዋናውን ቃሉን አጥፎ የሚያሳዝነው በዚህ ምክንያት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ የነበረው አሠራር ለእንዲህ ዓይነቱ ቅሬታ ቦታ አልነበረውም። እያንዳንዱ ትልቅ ከተማ የራሱ ቲያትር ቤት፣ ቲያትር ቤቱም በደመወዝ የሚተዳደር ነዋሪ ቡድን ነበረው፤ ከከተማ ከተማ የሚዞረው አንድ ዝነኛ ተዋናይ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በየደረሰበት ከነዋሪዎቹ ተዋንያን ጋር ለጥቂት ጊዜ ተለማምዶ የታወቀበትን ገጸ ባሕርይ ይጫወት ነበር። ቲያትር ቤቱ በመጋዘኑ ውስጥ ጫካ፣ ቤተ መንግሥት፣ አደባባይና ሳሎን የተሳሉባቸው ሸራዎች ስለነበሩት፣ የሼክስፒር ሥራ ቢቀርብም ሌላ ቢቀርብ ቤተ መንግሥቱ ያው ቤተ መንግሥት፣ ጫካውም ያው ጫካ ነበር። ተመልካቹ የተዋናዩን ድምፅና አነጋገር ከሌላው ተዋናይ ጋር ያነጻጽር ይሆናል እንጂ፣ ትርኢቱን በሙሉ ሊያነጻጽርበት የሚችል «ዋና ቅጂ» በአገሩ ውስጥ አልነበረም።

ይህን የለወጠው የባቡር ሐዲድ ነው። በ1869 ምሥራቁንና ምዕራቡን የሚያገናኘው ሐዲድ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ በተለይም የ1873ቱ የገንዘብ ቀውስ ነዋሪዎቹን ቡድኖች ካዳከመ ወዲህ፣ ተዋንያኑን፣ አልባሳቱን፣ የተሳሉ ሸራዎቹንና የመድረክ ሠራተኞቹን በሙሉ አንድ ላይ ጭኖ የሚዞር ቡድን ተስፋፋ፤ የዘመኑ ሰዎች «ጥምር ቡድን» ይሉት የነበረው ይህ ነው። ነዋሪዎቹ ቡድኖች አንድ በአንድ ሲፈርሱ የየከተማው ቲያትር ቤት ለእንግዳ የሚከራይ ባዶ አዳራሽ ሆነ፤ ኒው ዮርክ ደግሞ ትርኢት ተሠርቶ ወደ አገሩ ሁሉ የሚላክባት ፋብሪካ ሆነች። የክፍለ ሀገሩ ተመልካች በዚህ ለውጥ ብዙ አተረፈ፤ ከዚያ በፊት በስም ብቻ የሚያውቀውን ሁሉ ደጁ ድረስ አመጡለት። ያጣው ነገር ቢኖር የሚያየው ትርኢት ለእርሱ ከተማ ተብሎ መሠራቱን ነው።

ተረትን በዚህ ንግድ ውስጥ ያስገባው ሥራ «ዘ ብላክ ክሩክ» ይባላል። በመስከረም 1866 በኒው ዮርክ ኒብሎስ ጋርደን በተባለው ቲያትር ቤት ሲከፈት ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ይህ ትርኢት፣ ነፍስ ለሰይጣን የሚሸጥ አስማተኛንና የተረት ዓለም ንግሥትን የሚያገናኝ፣ በታሪክ ረገድ እዚህ ግባ የማይባል ድርሰት ሲሆን፣ ዝናው የመጣው ከአውሮፓ ካስመጣቸው የባሌ ዳንሰኞችና ከመድረኩ መሣሪያ ነው። ዳንሰኞቹ የተቀጠሩበት ሌላ አዳራሽ በእሳት በመውደሙ ሁለቱ ነጋዴዎች፣ ጃሬትና ፓልመር፣ ከኒብሎስ ሥራ አስኪያጅ ጋር ተስማምተው ውዝዋዜውን ከድርሰቱ ጋር አጣመሩት። ለመሣሪያው ሲባል የቲያትር ቤቱ መድረክ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ በፍጻሜው ላይ የሚታየው «የመለወጥ ትዕይንት»፣ ማለትም አንዱ ሥፍራ በዓይን ፊት ቀስ በቀስ ሌላ ሥፍራ የሚሆንበት የተረት ቲያትር ቁንጮ፣ ያለዚህ ሥራ አይታሰብም ነበር። ትርኢቱ በኒው ዮርክ ከ470 ጊዜ በላይ ታየ፤ ከዚያም ለሠላሳ ዓመት ያህል በየአቅጣጫው ዞረ። ነገር ግን በየከተማው መድረክ ፈርሶ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ የኒው ዮርኩና የተጓዡ «ብላክ ክሩክ» በስም አንድ፣ በመሣሪያ ግን ሁለት ሆኑ።

እነዚሁ ጃሬትና ፓልመር የጉዞን ጥበብ ምን ያህል እንደወደዱት የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በሰኔ 1876 የሼክስፒርን «ሄንሪ አምስተኛ» ለመጫወት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄዱትን ተዋንያን ልዩ ባቡር ተከራይተው ከኒው ዮርክ አሳፈሯቸው፤ በተለመደው ጉዞ አንድ ሳምንት ይፈጅ የነበረውን መንገድ ባቡሩ ከ84 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። ጋዜጦች ስለ ባቡሩ ብዙ ጻፉ። ንግዱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ትርኢቱን ብቻ ሳይሆን የትርኢቱን መምጣት መሸጥ ያውቅበታል።

የባቡሩ ዘመን በትርኢቱ አካል ላይ ያሳረፈው አሻራ በአንዲት ቁጥር ይታያል። የመድረክ ግድግዳ የሚሠራው በእንጨት ፍሬም ላይ ሸራ ወጥሮ በመሳል ሲሆን፣ የአሜሪካ የመድረክ አናጺዎች የአንዱን ፍሬም ስፋት 5 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ይኸውም 175 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዳያልፍ ይጠነቀቁ ነበር። ምክንያቱ ሥነ ውበት አልነበረም፤ ፍሬሙ በጎኑ ተኝቶ ወደ ጓዝ ፉርጎ ሲገባ የፉርጎው በር ቁመት ከዚያ በላይ ስለማያሳልፍ ነው። ቤተ መንግሥቱም፣ የጠንቋይዋ ዋሻም፣ ሰማዩም ሁሉ በዚህ ልክ እየተቆረጠ ተሠራ። ሁለት ፍሬሞች በማጠፊያ ሲጋጠሙ ስንጥቁ እንዳይታይ ቀጭን የጨርቅ ቅዳጅ በሙጫ ይለጠፍበትና ከግድግዳው ጋር አብሮ ይቀባል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ቅዳጅ ከሩቅ አይለይም፤ ፍሬሙ አርባና ሃምሳ ጊዜ ከታጠፈና ከተዘረጋ በኋላ ግን ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ጨርቁ ከዳር ይላቀቃል፣ መብራት ከጎን ሲመታውም በቤተ መንግሥቱ መካከል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥላ ይታያል። የሚቀጥለው ከተማ ተመልካች የሚገባው ይህንን ለማየት ነው። ቀለም ቀቢ ይዞ የሚዞር ቡድን ጥቂት ነበር።

በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ የተረት ትርኢት ማዕከል ሆና የወጣችው ቺካጎ ናት። በ1888 በቺካጎ ኦፔራ ሃውስ የተከፈተው «ዘ ክሪስታል ስሊፐር» የሲንድሬላን ተረት በቀልድ፣ በዘፈንና በብዙ ዳንሰኛ አስጊጦ ያቀረበ ሲሆን፣ ከቺካጎ ወጥቶም ዞሯል። ከሁሉ የበለጠ የተሳካለት ግን ኤል. ፍራንክ ባውም በ1900 ካሳተመው የልጆች መጽሐፍ የተወሰደው «የኦዝ ጠንቋይ» ነው። በሰኔ 1902 በቺካጎ፣ በጥር 1903 በኒው ዮርክ የተከፈተው ይህ ሙዚቃዊ ተውኔት ዛሬ ሰው በፊልም ከሚያውቀው ታሪክ በብዙ ይለያል፤ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው የዶሮቲ ውሻ ቀርቶ በቦታው ኢሞጂን የምትባል ላም ገብታበታለች፤ የምዕራቧ ክፉ ጠንቋይም የለችም። አዘጋጁ ጁሊያን ሚቼል ድርሰቱን ወደ ቀልድና ወደ ትዕይንት አዘንብሎ፣ መክፈቻው ላይ የካንሳስን ቤት ጠራርጎ የሚወስድ አውሎ ነፋስ በስስ መጋረጃና በተተኮረ መብራት አሳየ፤ በመጀመሪያው ክፍል ፍጻሜ ደግሞ ሰውን የሚያደነዝዙትን የአደይ መሰል ቀይ አበቦች በሴት ዘፋኞች አስመስሎ፣ በረዶ ጥሎባቸው ሲረግፉ አሳየ። አበቦቹን በበረዶ የመግደሉ ሐሳብ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ከዚህ መድረክ ተነሥቶ በኋላ የ1939ኙ ፊልም የወሰደው ነው።

ይህ ትርኢት ሁለት ሀብት ነበረው፤ አንዱ መሣሪያው፣ ሌላው እንደ ገለባ ሰውና እንደ ቆርቆሮ ሰው የተጫወቱት ፍሬድ ስቶንና ዴቪድ ሞንትጎመሪ ናቸው። ስቶን ገና ታሪኩ ሳይደርስበት በእንጨት ላይ እንደ ተሰቀለ ሳይንቀሳቀስ ይቆይና በድንገት አጥንት እንደሌለው ሰው እየተጣጠፈ ይወርድ ነበር፤ ይህ ከእግሩና ከወገቡ በቀር የሚጭነው ጓዝ የለውም። ከኒው ዮርክ በኋላ ግን ሁለተኛ ቡድን ተቋቁሞ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲላክ፣ ስቶንና ሞንትጎመሪ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ቀሩ። «አንደኛ ቡድን»፣ «ሁለተኛ ቡድን» የሚለው መደብ በወቅቱ በንግዱ ውስጥ የታወቀ ነበር፤ አንደኛው ሳምንትና ከዚያም በላይ ወደሚቆይባቸው ትላልቅ ከተሞች፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሌሊት ብቻ ተጫውቶ ወደሚያልፍባቸው ከተሞች ይሄዳል። ነጋዴዎቹ ይህን ደረጃ በደብዳቤያቸውና በሒሳብ መዝገባቸው ይጽፉታል፤ በግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ግን «በቀጥታ ከኒው ዮርክ» የሚል ብቻ ይነበብ ነበር።

የየከተማው አዳራሽ ባለቤት ይህን አይቶ «አልቀበልም» ማለት ለምን አልቻለም የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በ1896 ላይ ይገኛል። በዚያ ዓመት ማርክ ክሎ፣ አብርሃም ኧርላንገር፣ ቻርለስ ፍሮማንና ሌሎች ሦስት ሰዎች «ሲንዲኬት» የተባለውን ማኅበር መሥርተው፣ በዋና ዋና የባቡር መስመሮች ላይ ያሉትን ቲያትር ቤቶች በባለቤትነት ወይም በውል ያዙ። ከዚያ በፊት የአዳራሽ ባለቤቶች በየበጋው ወደ ኒው ዮርክ መጥተው ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር በየግል ይዋዋሉ ስለነበር ቀጠሮ ይፋለሳል፣ አንዳንዱ ቡድን ሳይመጣ ይቀራል፤ ሲንዲኬቱ ይህን ዝርክርክነት ማስተካከሉ አይካድም። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ የተላከለትን የማይቀበል አዳራሽ በዚያ ዓመት ምንም ላይላክለት ይችላል፤ ለማኅበሩ ያልተገዛ ተዋናይም የሚጫወትበት አዳራሽ ያጣል። ፈረንሳዊቷ ሣራ በርናርድ በ1906 በቴክሳስ በድንኳን ውስጥ የተጫወተችው ሲንዲኬቱ አዳራሾቹን ስለዘጋባት ነበር። እርሷ ድንኳኑንም ለዝና ተጠቀመችበት፤ የበርናርድ ስም የሌለው ተራ ተዋናይ ግን ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ክሎና ኧርላንገር በተረት ትርኢት ላይም ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። የለንደኑ ድሩሪ ሌን ቲያትር በየገናው የሚያቀርበውን «ፓንቶማይም»፣ ማለትም በተረት ላይ ተመሥርቶ ቀልድ፣ ዘፈንና ግዙፍ ትዕይንት የሚደባልቅ የእንግሊዝ የበዓል ትርኢት፣ ጓዙንና አልባሳቱን ገዝተው ወደ አሜሪካ ያመጡ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ሚስቶቹን ስለሚገድል ባለጠጋ ከሚናገረው የፈረንሳይ ተረት የተወሰደው «ሚስተር ብሉቢርድ» ነው። በ1903 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከታየ በኋላ ለጉዞ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቺካጎ አዲስ የተሠራውን የአይሮኳ ቲያትር ቤት መረቀ። ቲያትር ቤቱ «ፈጽሞ እሳት የማይበላው» ተብሎ ተነግሮለት ነበር።

ታኅሣሥ 30 ቀን 1903፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት የገና ሰሞን፣ በቀን ትርኢት ላይ ከ1,700 በላይ ተመልካች ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ፣ ስምንት ወንዶችና ስምንት ሴቶች በሰማያዊ የጨረቃ ብርሃን ሲዘፍኑ፣ ያንን የጨረቃ ብርሃን ይሰጥ ከነበረው በካርቦን ዘንግ ከሚሠራ መብራት የወጣ ብልጭታ በአጠገቡ የተንጠለጠለውን ስስ ጨርቅ ያዘው። ከመድረኩ በላይ ለትርኢቱ የተሰቀሉት በዘይት ቀለም የተሳሉ ሸራዎች እጅግ ብዙ ስለነበሩ እሳቱ በደቂቃ ውስጥ ጣሪያውን ሞላው። መድረኩን ከአዳራሹ መለየት የነበረበት የአስቤስቶስ መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተያዘና ግማሹ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሴት ልብስ ይጫወት የነበረው ቀልደኛው ኤዲ ፎይ ወደ መድረኩ ጫፍ ወጥቶ ሕዝቡ እንዲረጋጋ፣ ኦርኬስትራውም እንዲጫወት ይለምን ነበር። ተዋንያኑ በበኩላቸው ለማምለጥ ከኋላ ያለውን ትልቁን በር፣ የተሳሉት ሸራዎች ከጋሪ የሚገቡበትን በር፣ ሲከፍቱ ቀዝቃዛ አየር በኃይል ገብቶ ነበልባሉን በመጋረጃው ሥር ወደ ተመልካቹ ወረወረው። የመውጫ በሮች ብዙዎቹ ተቆልፈው ወይም ሰው በማያውቀው መቀርቀሪያ ተይዘው ነበር። ቢያንስ 602 ሰዎች ሞቱ። ከተዋንያኑ መካከል በሽቦ ተንጠልጥላ በተመልካቹ ራስ ላይ እየበረረች አበባ የምትበትነው ኔሊ ሪድ ከሟቾቹ አንዷ ናት።

ስለዚህ እሳት የተጻፈው ሁሉ ትክክለኛውን ጥፋት በተቆለፉት በሮች፣ ባልተጠናቀቁት የአደጋ መውጫ ደረጃዎችና ለመክፈት በተጣደፉት ሰዎች ላይ ያደርጋል፤ ፍርድ ቤት የቀጣው ሰው ግን የለም። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሞች ደንብ እየጠበቀ ሄዶ፣ የመድረክ ሸራ እሳት በማይዘው መድኃኒት እንዲነከር፣ ከበድ ያለ ጓዝ የያዘ ቡድንም በየደረሰበት በከተማው የእሳት ተቆጣጣሪ እንዲታይ ሆነ፤ ዛሬ በየአዳራሹ በር ላይ የሚታየው፣ በእጅ ሲገፉት የሚከፈተው አግድም ብረትም የመጣው ከዚህ እሳት በኋላ ነው። የአይሮኳ ቲያትር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ በ1926 ሌላ ቲያትር ቤት ተሠርቷል፤ የኦዝን ጠንቋዮች ታሪክ የሚተርከው «ዊኬድ» ከ2005 እስከ 2009 የቆየው በዚሁ አዳራሽ ነው።

የባቡሩ ዘመን ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። በ1900 ገደማ በአንድ ጊዜ በመንገድ ላይ የሚገኙት ቡድኖች ከ300 በላይ ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቁጥራቸው ወደ ጥቂት አሥሮች ወረደ። የባቡር ዋጋ ጨመረ፣ ፊልም በአነስተኛ ዋጋ መጣ፤ ሌላው ምክንያት ግን ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ «በቀጥታ ከኒው ዮርክ» የሚለውን ማስታወቂያ አምኖ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተታለለ ከተማ አራተኛውን መግዛት ይተዋል። የተዋንያኑም ብሶት ከዚህ ያነሰ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ የቲኬቱን ገንዘብ ይዞ ሲሰወር ከቤታቸው ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ቡድኖች ብዙ ነበሩ። በ1913 የተመሠረተው የተዋንያን ማኅበር፣ «ኢኩዊቲ»፣ በ1919 ለአንድ ወር ያህል ሥራ አቁሞ ከነጋዴዎቹ ውል ከተቀበለ በኋላ፣ ቡድን የሚያወጣ ሁሉ ለደመወዝና ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ በመያዣ እንዲያስቀምጥ አደረገ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባቡሩን የተካው አውቶቡስና የጭነት መኪና ነው፤ ተዋንያኑ በአውቶቡስ፣ ጓዙ በጭነት መኪና የሚሄድበት ይህ የጉዞ ዓይነት ባቡር ወደማይደርስባቸው የኮሌጅ አዳራሾችና ትናንሽ ከተሞች ገባ። አንድ ሌሊት ብቻ በሚታይበት ከተማ መኪኖቹ ጠዋት ይደርሳሉ፤ የከተማው የመድረክ ሠራተኞች ጓዙን ያወርዳሉ፣ መብራቱን ይሰቅላሉ፣ ድምፁን ይፈትሻሉ፤ ማታ ትርኢቱ ይታያል፤ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ያው ሁሉ ፈርሶ እስከ ሌሊቱ አጋማሽና ከዚያም በኋላ ይጫናል፤ መኪኖቹም በዚያው ሌሊት ይነዳሉ። በአንድ ቀን የማይሰቀል ነገር በዚህ ትርኢት ውስጥ ሊኖር አይችልም። ወለል ቀዶ የሚወጣ፣ ከጣሪያ የሚወርድ፣ በክብደቱ ምክንያት አዳራሹ እስኪመረመር የሚያስጠብቅ መሣሪያ ሁሉ ገና ንድፉ ሲነደፍ ይቀራል። አዘጋጁ ንድፉን የሚጀምረው «ይህ ትዕይንት ምን ይፈልጋል» ከሚለው ሳይሆን «መኪናው ስንት ይይዛል» ከሚለው ጥያቄ ነው።

በዚሁ ዘመን የተመልካቹ ዓይን ተለወጠ። «የኦዝ ጠንቋይ» ፊልም ሆኖ ከወጣ በኋላ፣ ይልቁንም ሮጀርስና ሐመርስታይን ለቴሌቪዥን የጻፉት «ሲንድሬላ» መጋቢት 31 ቀን 1957 በጁሊ አንድሩስ ተጫውቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ ምሽት ካየው በኋላ፣ የትንሽ ከተማ ሰው ዋናውን ቅጂ ከኒው ዮርክ ሰው እኩል በቤቱ አየ። ቀድሞ የሩቅ ወሬ የነበረው ማነጻጸሪያ አሁን በልጆቹ ቃል በቃል የሚታወቅ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ተጓዡ ቡድን የሚፎካከረው ከኒው ዮርክ መድረክ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ዱባውን ያለ ምንም ድካም ሠረገላ ከሚያደርገው ከስክሪኑ ጋር ሆነ፤ በዚህ ውድድር ማሸነፍ አይቻልም።

በ1980ዎቹ ከለንደን የመጡት ግዙፍ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ነገሩን በሌላ አቅጣጫ አባባሱት። አቅራቢዎቻቸው በየትልቁ ከተማ ለሳምንታትና ለወራት እየቆዩ፣ የኒው ዮርኩን ጓዝ ሳይቀንሱ በብዙ መኪና እየጫኑ በማቅረባቸው፣ ተመልካቹ «ብሮድዌይ» ሲባል ሙሉውን የመጠበቅ ልማድ አደረበት። የዲስኒ ኩባንያ በምርጥ ፊልምነት ለኦስካር የታጨውን የ1991 የካርቱን ፊልሙን ወደ መድረክ ሲያመጣ የገባው በዚህ ልማድ ውስጥ ነው። «ውቢቷና አውሬው» በሚያዝያ 1994 በኒው ዮርክ ተከፍቶ እስከ 2007 ድረስ 5,461 ጊዜ ታይቷል። ተቺዎች ብዙም አልወደዱትም፤ በዚያ ዓመት በቶኒ ሽልማት ያገኘው ብቸኛ ሽልማት የአን ኹልድ ዋርድ አልባሳት ነው። ሕዝቡ ግን ልጆቹን ይዞ ጎረፈ፤ የአውሬው መለወጥ፣ በጂም ስታይንሜየርና በጆን ጎውን የአስማት ጥበብ ተዋናዩ በአየር ላይ ተነሥቶ እየተሽከረከረ ልዑል ሆኖ የሚወርድበት ቅጽበት፣ ለአዳራሹ ሁሉ መነጋገሪያ ነበር።

በ1995 የጀመረው የመጀመሪያው የአሜሪካ ጉዞ ትልቅ ጓዝ ይዞ የወጣ ነበር። በ2010 የወጣው ጉዞ ግን በሌላ መደብ ተሠራ፤ የቀድሞዎቹ አዘጋጅና ነዳፊዎች ተመልሰው ሥራውን ቀለል አድርገው እንደ አዲስ የነደፉት ሲሆን፣ ተዋንያኑ ከኢኩዊቲ ውል ውጭ የተቀጠሩ፣ ብዙዎቹም ከትምህርት ቤት ብዙ ያልራቁ ወጣቶች ነበሩ። ቀላል መሆን በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ይህን በመሰሉ ጉዞዎች ሁሉ የሚቀነሰው ነገር ይታወቃል። ኦርኬስትራው ይሳሳል፤ መሪውና ጥቂት ቁልፍ ተጫዋቾች ከቡድኑ ጋር ይዞሩና የቀረው በየከተማው ተቀጥሮ በዚያው ቀን ይለማመዳል፣ ወይም የቫዮሊኖቹ ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ይተካል። የመንደሩ ሕዝብ በስድስት ሰው ይወከላል፤ ያው ስድስት ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ በአውሬው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳህንና ማንኪያ ሆኖ ይመለሳል። ተዋናዩን ከመሬት የሚያነሣው መሣሪያ ሲቀር ደግሞ ቦታውን የሚይዙት የታወቁት ሦስቱ ናቸው፤ ጭስ፣ ዓይን የሚያጭበረብር ብልጭታና ሰፊ ካባ። ሕፃን እንኳ ካባው ሥር ምን እንደተደረገ ያውቃል።

ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ፋብሪካ በየጊዜው ባነሰ ሰው ብዙ ዕቃ ሲያመርት የመድረክ ጥበብ ግን ሙያተኛውን ሊቀንስ ስለማይችል ወጪው ከሌላው ዋጋ ሁሉ ፈጥኖ እንደሚያድግ አስረድተዋል። ተጓዥ ቲያትር ለዚህ ሐሳብ እንግዳ ምስክር ነው፤ ሊቀንስ አይችልም የተባለውን ሙያተኛ ቀንሶ፣ ልዩነቱ በጥራት ላይ እንዲታይ ያደርጋል። የተዋንያኑ ማኅበር ይህን በመቃወም በ2001 ከውል ውጭ የወጣውን የ«ዘ ሚዩዚክ ማን» ጉዞ በየከተማው እየተከተለ ሕዝቡ ዋጋውን እንዲጠይቅ ቀሰቀሰ፤ ከዚያ ወዲህም ሥራው ፈጽሞ እንዳይወሰድበት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚፈቅዱ ደረጃ በደረጃ የጉዞ ውሎችን ተቀበለ። ክርክሩ ግን የተካሄደው በማኅበሩና በአቅራቢዎቹ መካከል ነው፤ የዓመቱን ትርኢት በጥቅል አስቀድሞ የሚገዛው ተመልካች በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም።

ጉዞ ተረትን ሁልጊዜ ይገድላል ማለት እንዳይሆን አንድ ተቃራኒ ምሳሌ መጥቀስ ይገባል። ያው የሮጀርስና የሐመርስታይን «ሲንድሬላ» በ2013 በአዲስ ድርሰት ብሮድዌይ ላይ ሲወጣ፣ የአልባሳት ነዳፊው ዊልያም አይቪ ሎንግ የሲንድሬላን ቡትቶ ተዋናይዋ በመድረኩ መካከል እየተሽከረከረች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የዳንስ ቀሚስ እንዲሆን አድርጎ ሰፋው። ከወለል የሚወጣ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ምንም የለም፤ ድንቁ ያለው በስፌቱ፣ በእጥፋቱና በተዋናይዋ እጅ ልምምድ ውስጥ ነው። በ2014 ትርኢቱ ለጉዞ ሲወጣ ቀሚሱ በሻንጣ ሄደ፤ ተመልካቹም በየከተማው ያንኑ አየ። ፍሬድ ስቶን በ«የኦዝ ጠንቋይ» ከእንጨቱ ላይ ሲወርድ ያሳየውም ከዚህ ወገን ነው፤ በሰው አካልና በመርፌ የተሠራ ተአምር መንገድ አይጎዳውም፣ በብረትና በሞተር የተሠራውን ግን ይጎዳዋል።

ስለዚህ ለጉዞ የሚታሰብ ተረት ገና ሲጻፍ ተአምሩን በሚጓዝ ነገር ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል፤ ይህ የአዘጋጆች ድርሻ ነው። የአቅራቢዎች ድርሻ ግን ከዚያ ይቀላል፤ ቡድኑ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ሙዚቀኛ እንደያዘ፣ በምን ውል እንደሚሠራ በማስታወቂያው ላይ ጽፎ ዋጋውን በዚያ ልክ ማድረግ ነው። ከ«ሁለተኛ ቡድን» ዘመን ጀምሮ ይህ አልተደረገም፤ ዛሬም ቢሆን በትኬቱ ላይ የሚታተመው የተውኔቱ ስም እንጂ የቡድኑ ደረጃ አይደለም።